ቀናተኛዋ አስታማሚ

ቅናት በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች ታናሽየዋን አላዩዋትም። ለእሷ ሙያዋ ነበር። ሌላው ሰው ልብስ መስፋት ወይም ግድግዳ መለሰን እንደሚለምድ፣ እሷም ታላቅ እህቷ ላይ መቅናትን ለምዳ፣ ተክናበት፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት እንኳ ዓይኗ አልደከመም። እናታቸው ሻይ ለማን አስቀድማ እንደቀዳች፣ ማንን "የኔ ቆንጆ" ማንን ደግሞ "አንቺ" ብላ እንደጠራች፣ አንዱም አያመልጣትም። ጎረቤት ሲስቅባት "እናንተ ደግሞ! ዓይን የተፈጠረው ለማየት አይደል?" ትላለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሚያስቀና ነገር ሞልቶ ነበር። ታላቅየዋ መልከ መልካም፣ አፏ ማር፣ ደግሞም የራሷ የሙሽራ ልብስ ስፌት ቤት ያላት ሴት ናት። ባሏን ፈትታ እናቷ ቤት የተመለሰች ዕለት እንኳ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበሏት። ታናሽየዋ ከስፌት ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ፊቷን እንፋሎት ሲቀቅለው ይውላል፤ ክንዷም በካውያ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። ስትቃጠል እናቷ "ተጠንቀቂ እንጂ!" ትላታለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ታላቅየዋን መርፌ ከወጋት ግን ቤቱ ይታመሳል።

ታዲያ ታላቅየዋ ከስፌት ቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ወገቧን በቀዶ ጥገና ስትታከም ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የታናሽየዋ ነበር፤ ለታማሚዋ ተሰጠ። ታናሽየዋ ሳሎን ሶፋ ላይ ወረደች። ጠያቂ ሲግተለተል፣ ሾርባው ሲመላለስ፣ እናትየው የልጇን እግር ስታሽ፣ ታናሽየዋ ከሶፋዋ ላይ ሆና አንጀቷ አረረ። "ህመም እንኳ ለእሷ ያምርባታል" አለች ለራሷ።

ሐኪሙ ታማሚዋን ሲያሰናብት ብርቱ የህመም ማስታገሻ አዘዘላት፤ ትራማዶል። "ቁስሉ እስኪጠግ ብቻ ነው፤ ሲቆይ ይለመዳል" ብሎ ነበር። እናትየው ያን ጊዜ ልጇን ጫማ ስታጫማ አልሰማችም። ሻንጣ ተሸክማ በር ላይ የቆመችው ታናሽየዋ ግን ሰምታለች።

ቁስሉ ጠገገ። ታላቅየዋም ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የእሷም ልብስ እንደ ድሮው በነፃ የሚታጠበው በታናሽየዋ እጅ ነው፤ ይህም ሌላ ቂም ነው። ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ማሽን ከመግባቱ በፊት ኪስ ሁሉ ይፈተሻል። አንድ የተረሳ እስክሪብቶ የስንቱን ሸሚዝ ያበላሻል! እናም ታናሽየዋ የእህቷን ካፖርት ኪስ ስትፈትሽ ክኒኑ ወጥቶ ያለቀ ማሸጊያ አገኘች። መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ከዚያ ከሽርጡ ኪስ፣ ከቀሚሱ ኪስ፣ ከሹራቡም ወጣ። የተጠቀለለበት ወረቀት የአንድ ፋርማሲ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ከከተማው ማዶ ነው። ሸሚዞቿም በብርድ ወራት በላብ ረጥበው ነበር የሚመጡት።

ታናሽየዋ ማሸጊያዎቹን በእጇ ይዛ ቆመች። ምን ተሰማት? መደበቅ አያስፈልግም፤ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ያቺ እንከን የሌላት እመቤት፣ እንከን ተገኘባት!

በነጋታው ምሳ ላይ ሁሉንም እናቷ ፊት ዘረገፈችው።

"ይኸው ልጅሽ! መድኃኒት እንደ ከረሜላ ነው የምትበላው።"

እናትየው ማሸጊያውን አየች፣ ቀጥላ ታናሽ ልጇን አየች። "ኪሷን ትበረብሪያለሽ? ወገቧ የተቀደደ ልጅ መድኃኒት ዋጠች ብለሽ ነው? አንቺ እኮ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅሚያለሽ።"

ታላቅየዋ ፈገግ አለች። "ተያት እማዬ፣ ሚጢ ደክሟት ነው።" ሚጢ የልጅነት ስሟ ነው፤ ታላቅየዋ ካልሆነች በስተቀር ዛሬ በእሱ የሚጠራት የለም።

ታናሽየዋ ሳህኗን አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ራሷም በራሷ ላይ ጥርጣሬ ገባት። እውነት አይታ ነው ወይስ ማየት ስለፈለገች? ቀናተኛ ሰው ምስክር ቢሆን ማን ያምነዋል?

አንድ እሁድ ታላቅየዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቀረች። ታዛጋለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ያልባታል፣ መልሶ ያንቀጠቅጣታል። እናትየው "ብርድ መቷት ነው" ብላ ሾርባ ጣደች። ከዚያ እናትየው ራሷ ጉልበቷን ሲቆረጥማት ለእሱ የታዘዘላትን መድኃኒት ፈለገች፤ እሱም ከዚያው ከትራማዶሉ ዘር ነው። ቁም ሣጥኑን ገለባበጠች፤ የለም። ታናሽየዋ ወዳለችበት ሳሎን መጣች።

"የት ደበቅሽው?"

"ምኑን?"

"መድኃኒቴን ነዋ! እህትሽ ላይ ልታሳብቢ ነው አይደል? እንዲያው ምን አድርጋሽ ነው?"

የታናሽየዋ ደም ፈላ። በቀጥታ ድሮ የእሷ ወደነበረው ክፍል ገብታ በሩን ቀረቀረችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የእማዬን መድኃኒት የወሰድሽው አንቺ ነሽ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እንዳትዋሺኝ። ስትዋሺ የግራ ቅንድብሽ ይነሳል። እማዬ አታውቀውም፣ ባልሽም አላወቀውም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።"

"ቅናትሽ ነው የሚያናግርሽ፣ ሚጢ።"

"አዎ ነው!" ድምጿ ክፍሉን ሞላው። "እቀናብሻለሁ። ስትስቂ እቀናለሁ፤ ስትታመሚም እቀናለሁ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዓይኔን ካንቺ ላይ አንስቼ አላውቅም። ለዚህ ነው የገባኝ። ይሄ የወገብ ህመም አይደለም። ወገብሽን ሲያምሽ አይቼሻለሁ፤ ያኔ ድርቅ ብለሽ ነበር የምትተኚው። አሁን እግርሽ አልጋው ላይ አላርፍ አለሽ። ትሞቻለሽ እኮ!"

ታላቅየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ላቆመው ሞክሬ ነበር። ሁለት ቀን አልዘልቅም። አጥንቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል። መርፌ ስይዝ ሙሽሮቹ ፊት እጄ ይንቀጠቀጣል። ስውጠው ነው ሰው የምሆነው። ክር ልግዛ እያልኩ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስዞር እውላለሁ። ትናንት የሚያውቀኝ ባለ ፋርማሲም 'ያለ አዲስ ማዘዣ አልሰጥም' አለኝ። የእማዬም አልቋል፤ ስወስደው እኮ... እጄን ብቆርጠው በወደድኩ።"

ታናሽየዋ የአንሶላውን ጫፍ ይዛ የእህቷን አፍንጫ ጠረገች፤ ልክ እንደ ሕፃን።

ታላቅየዋ በዚያው ማታ ሁሉንም ለእናቷ ተናገረች፤ ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። "ይህ የባለጌነት ወይም የደካማነት ጉዳይ አይደለም" አለቻቸው። "ሰውነትዎ መድኃኒቱን ለምዷል። ይታከማል። ግን በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው፤ ሊያንፈራግጥም ይችላል። በእኛ ክትትል ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። ከአማካሪያችንም ጋር እየመጡ ይነጋገራሉ። ቤት ውስጥ ግን መድኃኒቱን ቆልፎ የሚይዝና ከታዘዘው በላይ የማይሰጥ ሰው ያስፈልጋል።"

"እኔ አለሁ" አለች እናትየው። "እናቷ አይደለሁ እንዴ?"

ታላቅየዋ ራሷን ነቀነቀች። "አንቺ አትችይም እማዬ። ካለቀስኩብሽ ትሰጪኛለሽ። ሚጢ ትያዝልኝ። እሷ ብሞትባት አትጨምርልኝም። 'ምቀኛ አታሳጣኝ' ይባል የለ?"

ሐኪሟ ሳቀች። ታናሽየዋ ግን መንገዱን ሁሉ ይህን ነገር ስታላምጥ ሄደች። ሙገሳ ነው ስድብ? እናትየው ታላቅ ልጇን ደግፋ "ጀግናዬ፣ አንበሳዬ" እያለች ከፊት ትሄዳለች፤ ታናሽየዋ ቦርሳውንና መድኃኒቱን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ሱስ እንኳ ለእሷ ሲሆን ያስሞግሳል!

መጠኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በተቀነሰበት ሳምንት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ታላቅየዋ ሳሎን መጥታ ሶፋው ሥር ተንበረከከች። "ሚጢዬ፣ አንዲት ብቻ። በሞቴ።"

እህቷ አንድ ነገር ለምናት "አይሆንም" ማለትን ታናሽየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኝ ኖራለች። አሁን ደረሰላት። "አይሆንም" አለች፤ ቃሉ እንደ እሬት መረራት።

"ድሮም ስሰቃይ ደስ ይልሻል! ቅናታም!"

"ይሁን። አይሆንም።"

ታላቅየዋ እያለቀሰች ክፍሏ ገባች። እናትየው ከወጥ ቤት ወጥታ "ኧረ አንቺ ልጅ ልብ የለሽም? ስጫት!" አለች። ለእሷም መልሱ ያው ነበር። እናትየው ተከትላ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ታናሽየዋ አንገቷ ላይ ያጠለቀችውን የመድኃኒቱን ሣጥን ቁልፍ ክር በጣቷ ጠቅልላ ከበሩ ውጭ ቆመች። የእናቷ ድምፅ ለስላሳ ሆኖ ይሰማል፤ "የኔ ቆንጆ፣ የኔ እናት" ይላል። ቀናች። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ቀናች። እዚያ አልጋ ላይ ለመተኛት ህመሙንም ቢሆን ትወስደው ነበር። ቁልፉን ግን አልለቀቀችም።

ቀጥሎ እናትየው ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዝም በይ በቃ። ሲመሽ እኔ ከእሷ ሰርቄም ቢሆን አመጣልሻለሁ።"

ልቅሶው ተቋረጠ።

"እማዬ፣ ውጪልኝ" አለች ታላቅየዋ። "ከአጠገቤ ሂጂ። ሚጢን ጥሪልኝ፤ እሷ ትቀመጥ።"

እናትየው በሩን ከፍታ ወጣች። እጇ ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ የት እንደምታደርገው የጠፋት ትመስላለች። ታናሽ ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"አንቺን ነው የፈለገችው" አለች።

ታናሽየዋ ያንን ፊት ወዲያው አወቀችው። በመስታወት ውስጥ ስታየው የኖረችው የራሷ ፊት ነው። ልታጽናናት አሰበች፤ ለዚህ ህመም ግን ምን እንደሚባል እሷም አታውቅም፣ ማንም ብሏት አያውቅምና። የእናቷን ትከሻ ጨበጥ አድርጋ አለፈቻትና ወደ እህቷ ገባች።