የአባቴ አባት ስም

ፒያሳ ኬክ ቤት ገብቼ የቡናው ማሽን እሽሽ ብሎ እንፋሎቱን ሲተፋ፣ ዛሬም ሰውነቴ ኩምትር ይላል። ሌላው ሰው ማኪያቶ ይሸተዋል፤ እኔን የሚሸተኝ የአባቴ ቱታ ነው፣ ግሪስና የተቃጠለ ጎማ።

አባቴ የእነዚህ ማሽኖች ጠጋኝ ነበር። ሙያውን የተማረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እዚሁ ከቀሩ ጣሊያኖች ነው። መልኩም ወደነሱ ነበር፤ ፀጉሩ ለስላሳ፣ ፊቱ ትንሽ ፀሐይ ሲነካው የሚቀላ። የፒያሳ አራዶች "ፈረንጁ" ሲሉት ይስቅ ነበር። ምን ልበልሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኛ ቤት ብቻ ማንም አያነሳውም። አያቴ አፍንጮ በር ያደገች፣ ወንድሞቿን ጣሊያን የገደለባት ሴት ናት። ልጇን "አባትህ በሕፃንነትህ ሞተ" ብላ አሳደገችው፤ በአባት ስም ቦታም የራሷን አባት ስም ሰጠችው። እሱም አልጠየቃትም።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ሆነ። አንድ እሑድ ጨርቅ ነጋዴውን ጎረቤታችንን ከተቀመጠበት አስነስተው የሕይወት ታሪኩን አስነገሩት። በማግስቱ ተወሰደ፣ አልተመለሰም። በሚቀጥለው እሑድ አባቴን አስነሱት።

ክረምት ነበር። አዳራሹ እርጥብ ካፖርት ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኔ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ የነጠላዋን ጫፍ ይዣለሁ። ሊቀመንበሩ፣ የሰፈራችን ወጣት፣ አባቴን ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ እንዲናገር አዘዘው። አባቴ ተናገረ። ሊቀመንበሩ ከጎኑ ካለው ሽማግሌ ጋር ተንሾካሾከና ቀና አለ።

"አባቴ ያልካቸው ሰውዬ የእናትህ አባት ናቸው። የወለደህ ማነው?"

ሊቀመንበሩ፣ አባቴ የፋሺስት ልጅ ከሆነ፣ እዚሁ ሕዝብ ፊት አባቱን እንዲያወግዝ ነገረው። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። አባቴ ከአውራ ጣቱ ላይ የማይለቀውን ግሪስ ይፈትጋል። ጨርቅ ነጋዴውም እንዲሁ ቆሞ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ነጠላው ከእጄ አመለጠ። አያቴ ሳይፈቀድላት ተነስታለች።

"እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ" አላት ሊቀመንበሩ።

"አልቀመጥም። ወንድሞቼን ጣሊያን ገደለብኝ። እኔን ደግሞ ወጥ ሠሪ ብሎ ካምፑ አስገባኝ፤ ይህን ልጅ በሆዴ ይዤ ወጣሁ። እናንተ በመፈክር ነው የምታወግዙት፣ እኔ ኖሬበታለሁ። ልጄ አይቶት የማያውቀውን ሰው ምን ብሎ ያውግዘው?"

ሊቀመንበሩ አያቴን አየ፣ አባቴን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!" አለ። እኛም ተነስተን እጃችንን አነሳን፤ አባቴም አነሳ። እንዲቀመጥ ተነገረው። ለምን እንደተዉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ለሳምንታት በራችን በተንኳኳ ቁጥር ግን እንደነግጥ ነበር።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ አያቴ ከደጅ ሆና ተሳለመች። አባቴ እስኪበቃት ጠብቆ፣ ወደ እሷ ሳያይ ጠየቃት።

"እማዬ፣ ስሙ ማን ነበር?"

"አላውቅም" አለችው። "ሁሉንም 'ሲኞር' ነበር የምንላቸው። እሱም የእኔን ስም አልጠየቀኝም።"

መንገዱ ጭቃ ስለነበር አባቴ ክንዷን ያዘና ቀስ አድርጎ አሻገራት። ከዚያ ወዲህ "ፈረንጁ" ሲሉት መሳቁን ተወ።

ሁለቱም አሁን የሉም። ዛሬ የሆነ ቢሮ ገብቼ ስሜን ከነአያቴ ስጠየቅ፣ የሴት አያቴን አባት ስም እናገራለሁ፤ ጸሐፊዋ ጽፋ ታልፋለች። የሴት አያቴን ስም ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።