እሺ ባዩ ጃፓናዊ

እናቴ «እሺ» ስትል ስጋት ይገባኛል። ነገሩን ለመዝጋት እንጂ ለማድረግ ብላው አታውቅም። የዓይኗን ሞራ ለማስገፈፍ ቀጠሮ በያዝኩላት ቁጥር «እሺ» ትላለች፤ ቀኑ ሲደርስ ወይ ጉንፋን ይይዛታል፣ ወይ የማይቀርበት ለቅሶ ይመጣል። «ምን ሆንኩና? አጥርቼ ነው የማየው» ትለኛለች፣ የቲቪውን ሪሞት ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ሄሎ» እያለች። ሐኪሙ ከቆየ ይብሳል ስላለኝ እኔን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ለሰኞ እንደገና ቀጠሮ ያዝኩ፤ እሷም እንደገና እሺ አለች። ቅዳሜ ልቧን ላባባ ብዬ ዴንቨር፣ የጃፓኖች በዓል ላይ ወሰድኳት። ከምንኖርበት ከቻምበርስ ሮድ እዚያ ለመድረስ ከነዳሁት ይልቅ ፓርኪንግ ፍለጋ የዞርኩት ይበልጣል። መንገዱ ተዘግቶ፣ ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን ታቅፎ አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ሰዉን ሰንጥቃ አለፈችና ታጣፊ ወንበሯን ከሁሉም ፊት ዘረጋች።

አንድ ቀይ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰው ጃንጥላ ላይ ኳስ ያሽከረክራል። በየትርኢቱ መጀመሪያ «ዮሺ!» ብሎ ይጮኻል። በጃፓንኛ «በል እንግዲህ» እንደማለት ነው። እናቴ የሰማችው ግን ሌላ ነው።

«አማርኛ ይችላል እኮ!» አለችኝ። «አንተ ልጅ፣ ፈጠን አድርገው እስቲ!»

«ዮሺ!» አለ፤ ኳሱም ፈጠነ።

«እማዬ፣ አማርኛም አይደለም፣ ልጅም...»

«ዝም በይ፤ እየታዘዘልኝ ነው።»

እንዲህ ስታዘው ቆይታ፣ ሰውየው ምንም ያልደገፈውን መሰላል አቁሞ መውጣት ሲጀምር ፊቷ ተለወጠ።

«ውረድ አንተ ልጅ! ትሰበራለህ!»

«ዮሺ!» ብሎ አንድ እርከን ጨመረ።

«ውረድ ነው የምልህ!»

«ዮሺ!» ጫፍ ላይ ደረሰ።

«እሺ እያለ ይወጣል እንዴ? ይሄማ የለየለት ሐበሻ ነው!»

ከኋላችን የአገራችን ሰዎች ነበሩ መሰለኝ፣ ሳቅ ሲያፍናቸው ሰማሁ። እኔም አላስቻለኝም፤ «እሺ ብሎ የማያደርግ ሌላም ሰው አውቃለሁ» አልኳት። እንዳልሰማች ሆነች።

ሰውየው በሰላም ወረደ። ያን ሁሉ ጩኸት ማበረታቻ አድርጎት ኖሮ፣ በቀጥታ ወደ እናቴ መጣና እፊቷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ፊቱ የተጨማደደ ሽማግሌ ነው። በዕድሜ ሳይበልጣት አይቀርም።

እናቴ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ» አለችው። «እንደ ልጅ ሳዝዝዎት ዋልኩ።»

እሱ ፈገግ ብሎ ወደ ሕፃናቱ ሄደ። እሷ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያውም ሽበታም ነበር?»

«አዎ እማዬ። ገና ስንመጣ ጀምሮ።»

ከዚያ እጄን ያዘችና፣ ሰው እንዳይሰማት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሲገፍፉት ያማል እንዴ?» አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ቀጠሮ አንድም ቀን ይህን ጠይቃኝ አታውቅም።