ለሁለት የተቀደደው መጽሐፍ

ቱሪስት ሲጠፋ ደባርቅ ውስጥ ፈላስፋ በዛ። ተራራ የሚወጣ እንግዳ ከቀረ ወዲህ እኛ አስጎብኚዎች ሻይ ቤት ተኮልኩለን ከመዋል በቀር ሥራ አልነበረንም። አንድ ፈረንጅ ትቶልን የሄደው መጽሐፍ ስለ ስቶይኮች ነበር፤ በእጃችሁ ያለውንና የሌለውን ለዩ፣ ለሌለው አትጨነቁ ስለሚሉት የጥንት ፈላስፎች። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢዎቹ ግን እኔና ጓደኛዬ ነን። ተራ መጠበቅ ስላቃተን መሃል ለመሃል ቀደድነውና የመጀመሪያው ግማሽ ለእሱ፣ ሁለተኛው ለእኔ ደረሰን። ስንጨርስ ልንቀያየር ተስማማን።

እኔ እርሳስ ይዤ ካልተሟገትኩ ማንበብ አልችልም። "እውነት ነው"፣ "አይመስለኝም"፣ "ይኼ ሰውዬ የደባርቅን ብርድ አያውቅም" እያልኩ የገጾቹን ኅዳግ ሞላሁት። ትምህርቱን ግን ወደድኩት። አንድ ቀን ሊማሊሞን ስንወርድ ሹፌሩ በስልክ ያወራል። "መሪው የእኔ አይደለም" ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ቀጣዩ ጥምዝ ላይ አፌ ግን የእኔ መሆኑ ትዝ አለኝና "ስልኩን ዝጋ!" ብዬ ጮህኩ። ዘጋው።

ጓደኛዬ ግን መነኮሰ ማለት ይቀላል። "መጽሐፍ ላይ አይጻፍም" ብሎ ተቆጣኝ። እንቀያየር ስለው "ለእኔ ይቺው ትበቃኛለች" አለ። ጣሪያው ሲያፈስ "ዝናብ ከአቅሜ ውጭ ነው" ብሎ አልጋው አጠገብ ባልዲ ደቀነ። "ዝናቡስ ይሁን፣ ቆርቆሮውስ?" ስለው በሐዘኔታ አየኝ። በእሱ ቤት ገና አልበሰልኩም ነበር።

ከዚያ እናቱ ሞቱ። ዳባት አካባቢ ወዳለው መንደራቸው ለቀብር አብሬው ሄድኩ። በየገበያው ቀን ስኳርና ጨው ይዞ ሲሮጥላቸው የኖረ ልጅ፣ ለቀስተኛው ደረቱን ሲመታ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፤ እንግዶቹን እንደሚቆጥር አስጎብኚ። "እግዜር ያጽናህ" ሲሉት "ጸንቻለሁ" ብሎ ይመልሳል። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ "ምን ሁኖ ነው ይኸ ልጅ? ተጣልተው ነበር እንዴ?" ሲሉ ሰማሁ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ያኔ ታናሽ እህቱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ወንድምዓለም፣ እናታችን የሞተችው በእኔ ብቻ ነው እንዴ?"

ያጣመረውን እጁን ይበልጥ አጠበቀ። ፈራሁለት፤ ዛሬ ካላለቀሰ እህቱንም በቁሟ እንደሚቀብራት ታየኝ። ጠጋ ብዬ በጆሮው "የመጀመሪያው እንባ ከአቅማችን ውጭ ነው ይላል መጽሐፉ፤ እንደ ዝናቡ። በእኔ ግማሽ ላይ ነው ያለው" አልኩት።

"ይላል?"

"ይላል።"

እህቱን አቅፎ "እምዬ!" ብሎ ሲጮህ፣ እንባቸውን ጠርገው የጨረሱት ሽማግሌዎች እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ፤ ያለ መጽሐፍ።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ግማሼን ተቀበለኝና ገጹን ፈልጎ አገኘው። አንብቦ ሲጨርስ ባበጠ ዓይኑ አየኝ።

"ከመጀመሪያው በኋላ የሚመጣውን መግታት ግን የእናንተ ፈንታ ነው ይላል እኮ!"

"አዎ፣ ይላል።"

"ይኼን አልነገርከኝም።"

"ኅዳጉን እየው" አልኩት። እዚያ ላይ የጻፍኩት "አይመስለኝም" የሚል ነበር።

ገጹን ደግሞ አነበበው። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

"እስቲ እርሳስህን አውሰኝ።"