ከሰደፉ ላይ የፋቅሁት ስም

ጋሼ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲገቡ የአፓርታማቸውን ቁልፍ የሰጡት ለእኔ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ፓልምስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ እያደረጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ፌርፋክስ አካባቢ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ መጥተው ይቀመጡ ነበር።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እዚሁ አገር የገዙት አንድ የፊንላንድ ጠመንጃ ተሰቅሏል። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። መጀመሪያ የሠራው ሞስኮብ ነው። ፊንላንዶች ማረኩትና አዲስ በርሜልና አዲስ ሰደፍ አበጅተውለት መልሰው በሞስኮብ ላይ ተኮሱበት። ጋሼም በወጣትነታቸው ሚሊሺያ ሆነው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ የታጠቁት የዚሁ ዓይነት የሞስኮብ ጠመንጃ ነበር።

ሰደፉ ላይ ግን የተጫጫረ ነገር ነበረበት፤ ባየሁት ቁጥር እጄን ይበላኛል። እሳቸው ሆስፒታል ሳሉ ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ይዤ ሄድኩ። ኩሽናቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ መስተዋት እስኪያበራ አሸሁት።

ከሆስፒታል ሳመጣቸው ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ አዩት። አውራ ጣታቸውን ሰደፉ ላይ አሳለፉ።

"ምን አደረግህበት?"

"ጭረቱን አጠፋሁልዎት ጋሼ። ሰርፕራይዝ ላደርግዎት ብዬ ነው።"

ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

"ጭረት አይደለም፤ ስም ነው" አሉ። "የያዘው ወታደር በጩቤ የቀረጸው። ፊንላንድ ድረስ ጽፌ አጣርቻለሁ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው በረዶ ላይ ቀረ።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ይህን ከነገርኩህ ሌላውንም ልነግርህ ነዋ።"

ያን ዕለት ነገሩኝ። አብሯቸው የዘመተ አብሮ አደግ ነበራቸው። እሱም በራሱ ጠመንጃ ሰደፍ ላይ ስሙን በሴንጢ ቀርጾ ነበር። ጦሩ ሲያፈገፍግ እግሩን ተመታ፤ ስማቸውን እየጠራ ጋሼ ጥለውት ሮጡ። መቃብር የለውም። እናቱ ሲጠይቋቸው "አላየሁትም" አሏቸው።

"የፊንላንዱን ወታደር ስም ይጻፉልኝና መልሼ ልቅረጸው" አልኳቸው።

"ያንተ እጅ ይሆናል እንጂ የሱ አይሆንም። ተወው።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሱቅ መምጣት ተዉ፤ ስደውልም "ኦኬ ነኝ" ብለው ይዘጉታል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞቱ።

ልጃቸው ከሌላ ስቴት መጥታ ቤቱን ስታስለቅቅ የድሮ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ጠራች። ሰውየው ሰደፉን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየና ማን እንዲህ እንዳበላሸው ጠየቀ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ስም ነበረበት።"

"ማን የሚል?" አለችኝ ልጃቸው።

"እንጃ። አንብቤው አላውቅም።"

ሰውየው ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰደው።