ሚዛን የሳቱት ሦስት ኳሶች

እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ የላከችው መሐረብ ፍለጋ ነበር። መሐረቡን አገኘችው፤ ያጣችው ሌላ ነገር ነው። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ኪሱ ውስጥ ሦስት የቆዳ ቁራጮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ። አሁን አንድም የለም። ኪሱን ገለበጠችው። ክር፣ የሰም ፍርፋሪ፣ አንድ የተሰበረ መርፌ። የወንበሯን ሥር ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው መደርደሪያው ላይ የተቀመጡትን አሥራ ሁለት ነጫጭ ኳሶች ስታይ ቁራጮቹ የት እንደገቡ ገባት።

በስፌት ክፍሉ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ እትዬ መቋጫ ነው የሚሏት። አሥሩ ሴቶች የኳሱን ሠላሳ ሁለት ቁራጭ እየገጣጠሙ ይሰፋሉ። የመጨረሻዋን፣ ከውስጥ ልትሰፋ የማትችለዋን ቁራጭ፣ ክሩ ከውጭ ሳይታይ የምትዘጋው እሷ ነች። ሠላሳ አንድ ዓመት ዘግታለች። ሙያውን የወረሰችው ሜዳ ዳር ተቀምጦ ኳስ ይጠግን ከነበረው አባቷ ነው። በእሱ ዘመን ኳስ እንደ ጫማ በማሰሪያ የሚታሰር ቆዳ ነበር፤ ዝናብ ከጠጣ ድንጋይ ይሆናል፤ በቴስታ የመታው ልጅ የማሰሪያውን ምልክት ግንባሩ ላይ ይዞ ቤቱ ይገባል። ኋላ ማሰሪያው ቀረና የአየር መንፊያው ቫልቭ መጣ። ቫልቩ ግን ክብደት ስላለው ኳሱን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። አባቷ ለዚህ መላ ነበረው፤ ከቫልቩ ትይዩ፣ ከመጨረሻዋ ቁራጭ ሥር፣ ትንሽ ቆዳ ይለጥፋል። «የሚያዘነብል ኳስ ንጹሕ በረኛ ያሰድባል» ይላት ነበር። አባቷ ካለፈ በኋላ፣ የቆዳው ኳስ ራሱ ከቀረ በኋላ እንኳን፣ እሷ ያችን ቁራጭ ቆዳ አልተወችም። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ትቆርጥና ኪሷ ትከታለች።

ባለፈው ወር የመጣው ኳስ ግን ሌላ ነበር። የውስጥ ፊኛው ላይ ሳንቲም የምታህል ሴንሰር ተለጥፋለች፤ ኳሱ የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ እግር መቼ እንደነካው ለታብሌት ትናገራለች። የፋብሪካው ኢንጂነር ሴንሰሯን ከቫልቩ ትይዩ ያስቀመጠቻት አስባበት ነው፤ ሁለቱ እኩል ይመዝናሉ። «ስለዚህ እትዬ፣ የቆዳው ነገር ይቅር» ብላ ሁለት ጊዜ ነገረቻት። መቋጫም እሺ ብላ ቁራጮቹ ያሉበትን ቆርቆሮ ወደ ዕቃ ቤት መለሰች። ኪሷ ውስጥ የቀሩትን ሦስቱን ግን ረሳች። እጇ አልረሳም።

ስድስት ሰዓት ላይ ኳሶቹን የሚገዛው ድርጅት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ለሙከራ የተሰፉት አሥራ ሁለቱ ካለፉ የዓመቱ ትዕዛዝ ለስፌት ክፍሉ ይሆናል። ከወደቁ ኳስ በሙጫና በሙቀት የሚያጣብቀው ማሽን ይገባል፤ አሥራ አንድ ሴቶችም መርፌያቸውን ይዘው ወደ ቤት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ከሩብ ይላል።

ታናሽ እህቷ አጠገቧ ተቀምጣ ክር በሰም ታሻለች። መቋጫ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ሦስቱ ውስጥ ቆዳ ከትቻለሁ።»

«የትኞቹ ሦስት?»

«ባውቅማ።»

እህትየው ክሩን አስቀመጠች። «መቼ?»

«ሐሙስ ይመስለኛል። የአማትሽን ወሬ ስታወሪልኝ።»

«በይ እንግዲህ፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የአማቴ ሆነ።»

ኳሶቹን ሁለት ሁለት አድርገው፣ በሽርጥ ሸፍነው ወደ መታጠቢያ ክፍል አመላለሱ። የልብስ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞሉ። ይህም የአባቷ ዘዴ ነው፤ ሚዛኑን የጠበቀ ኳስ ውሃ ላይ እንዳስቀመጡት ይቀራል፤ አንድ ጎኑ የከበደ ግን ቀስ ብሎ ይዞርና ከባዱን ጎን ወደ ታች ያደርጋል። አንደኛው አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውም። አራተኛው እንደ ተኛ ሰው ዞረ፤ ቫልቩም ወደ ላይ ወጣ። ሰባተኛውም ዞረ። አሥራ አንደኛው ጥቂት አመነታና እሱም ዞረ።

«ወይ እዳችን» አለች እህትየው።

መቋጫ የአራተኛውን አየር አስተነፈሰች። የክሩ ቋጠሮ ከመጨረሻዋ ቁራጭ ጠርዝ ሥር ነው፤ የት እንደቀበረችው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በመርፌ ጫፍ ፈልፍላ አወጣችውና ስፌቱን መተርተር ጀመረች። የሚያስፈራው መተርተሩ አይደለም። መልሳ ስትሰፋ መርፌው በዚያው በድሮው ቀዳዳ ካልገባ፣ ከጎኑ አዲስ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሁለቱ መሃል ያለው የኳሱ ሽፋንም በምት ይቀደዳል። ደግሞ ከሥሩ ፊኛው አለ። አንድ የሳተ መርፌ ይበቃዋል።

አራተኛውን ዘግታ ሰባተኛውን ስታጋምስ በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ» አለ የኢንጂነሯ ድምፅ። «ሰባት ቁጥር ገላውን እየታጠበ ነው?»

ሁለቱ እህትማማቾች ተያዩ። በሩን የከፈተችው ታናሽየዋ ናት። ኢንጂነሯ ታብሌቷን ይዛ ቆማለች፤ ስክሪኑ ላይ የሕንፃው ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ አሥራ ሁለት ነጥቦች፣ ሁሉም መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ።

«ጠዋት ከመደርደሪያ ሲነሱ ጀምሮ እያየኋችሁ ነው። ሌባ መስላችሁኝ ነበር።»

«ሌባ ብንሆንማ በተሻለን» አለች እህትየው።

መቋጫ ሁሉንም ነገረቻት። ኢንጂነሯ ሳፋውን፣ የተከፈተውን ኳስ፣ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ የተቀመጠችውን ቁራጭ ቆዳ አየች።

«ስንት ቀረሽ?»

«ይሄ ግማሽ። ከዚያ አሥራ አንደኛው።»

«ተቆጣጣሪው ድጋሚ እንደተዘጉ ካወቀ አይቀበላቸውም። ደንቡ ላይ አለ። ካላወቀ ግን...» አልጨረሰችውም። «ፍጠኚ፤ እኔ ምንም አላየሁም።»

ሰባተኛው ተዘጋ። አሥራ አንደኛውን ተርትራ ቆዳውን አውጥታ አምስት ጥልፍ እንደሰፋች፣ ተቆጣጣሪው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። አጠር ያለ፣ ትሁት ሰው ነው፤ እያንዳንዷን ሴት እየዞረ ጨበጠ። ኳሶቹ ወደ መደርደሪያው፣ መቋጫም ወደ ወንበሯ ተመልሰዋል። ቆጠራቸው።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለ።

ኢንጂነሯ «አንዱ ለማሳያ እንዲሆን...» አለች።

መቋጫ ከወንበሯ አልተነሳችም። ክፍት አፉን ወደ ላይ ያደረገው አሥራ አንደኛው ጭኗ ላይ ነው። አሥሩ ሴቶች መስፋት አቁመዋል። ሰውየው ምንም አልጠረጠረም፤ ዝም ብትል ያልፋል። ግን ሰባተኛው ላይ አንዷ የመርፌ ቀዳዳ ከልኳ በላይ ተከፍታ ነበር፤ በጥፍሯ ተሰምቷታል። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ጨዋታ ቢቀደድ ጥፋቱ የክፍሉ ይባላል፤ ያኔ የሚሰማቸው አይኖርም።

«ማሳያ አይደለም፣ ጌታዬ» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እጄ በልማድ ቆዳ ከተተባቸው። አራት፣ ሰባትና አሥራ አንድ። ሁለቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ይኸኛው አልደረሰልኝም። ሌሎቹ ዘጠኙ ንጹሕ ናቸው።»

እህቷ «በቃ» አለች በሹክሹክታ። ለማን እንዳለችው አይታወቅም።

ሰውየው አሥራ አንደኛውን ተቀብሎ ውስጡን በትንሽ ባትሪ አየ። ከዚያ አራተኛውንና ሰባተኛውን ለብቻ አስቀመጠ። ዘጠኙን አንድ በአንድ ወደ ጓሮው የመምቻ ማሽን ወሰዳቸው። ማሽኑ ይመታል፤ ኳሱ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፤ ታብሌቱ ላይ ቀጭን መስመር ይሳላል። መስመሩ ካልተጠማዘዘ ሰውየው በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። ይህ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከዘጠኙ አንዱም አልተጠማዘዘም። ከዚያ ለብቻ ካስቀመጣቸው ሁለቱ ሰባተኛውን አነሳ። በመቶ ሃያኛው ምት መስመሩ ዘለለ፤ ስፌቷ ከአንድ ቦታ አፏን ከፍታለች።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ውሳኔውን ጠበቀ። ሰውየው ወረቀቱን ጽፎ ሲጨርስ ለኢንጂነሯ ሰጣት፤ እሷም ጮክ ብላ አነበበች። ዘጠኙ አልፈዋል። ሦስቱ እስከ ረቡዕ እንደ አዲስ ይሠሩ፤ ካለፉ ትዕዛዙ የክፍሉ ነው። የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያነበበችው፤ ሦስቱን የሚዘጋው ሌላ እጅ ይሁን።

«እውነቱን የተናገረችው ራሷ ናት እኮ» አለች እህትየው። «ባትናገር ኖሮ...»

«ስለተናገረች ነው በዘጠኙ ያመንኳት» አለ ሰውየው። «እጇ ግን ሳያስፈቅዳት የሚሠራ እጅ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

መቋጫ ራሷን ነቀነቀች። እውነቱን ነው፤ ከእሱ በፊት እሷ ታውቀዋለች።

ሰኞ ጠዋት ወንበሯን ለታናሽ እህቷ ለቃ እሷ ጎን ላይ ተቀመጠች። እህትየው የመጨረሻዋን ቁራጭ ይዛ መርፌውን አስገባች።

«ጥልፉን አጥብቄዋለሁ?»

«ላላ አድርጊው። መርፌው ራሱ መንገዱን ይፈልግ።»

«ይሄ ፊኛው ነው?»

«ሴንሰሯ ናት። በጎን እለፊያት።»

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት። መቋጫ በግማሽ ሰዓት ትጨርሰው ነበር። ኳሱ ተነፋ። እህትየው መዳፏ ላይ አንከባለለችውና ወደ እሷ ዘረጋችው።

«ያዢውና ሚዛኑን ንገሪኝ እስቲ።»

«እኔን ተይኝ፤ ለኢንጂነሯ ስጪያት» አለችና ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻቸው። እህትየው ኳሱን ይዛ እስክትመለስ ድረስም አላወጣቻቸውም።