ቁራ የማይገባበት ድስት

ፈንቴ አንድ ቁራ በክንፉ አንጠልጥሎ ሲመጣ ምግብ አብሳይዋ አሰበች ለአጫጆቹ የማሽላ ገንፎ እያገነፋች ነበር።

«እትዬ አሰበች፣ ዶሮ አመጣሁልዎ!»

ቀና ብላ አየችው። «ዶሮህ ከሰል ተሸክማ ነው የመጣችው?»

«በርበሬ ሲገባባት ትቀላለች።»

ጊዜው የሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ነበር። ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለው የገበሬ ማኅበር እርሻ የሰሊጡ አጨዳ ሳያልቅ ስንቅ የሚያመጣው መኪና ቀረ። አንዱ ተበላሸ ይላል፤ ሌላው ሰፋሪ ሊጭን ሄደ ይላል። የተረፈው ማሽላ፣ በርበሬና ጨው ብቻ ነው። ጤነኛ እሱንም ይውጣል። ከጎጃም ከፈንቴ ጋር የወረደው ያረጋል ግን ወባ ከጣለው ወዲህ ገንፎ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ትንሽ የሥጋ መረቅ ቢያገኝ ነፍሱ መለስ ትል ነበር። ፈንቴ ወንጭፉን ይዞ የወጣውም ለዚሁ ነው፤ ያገኘው ግን ቁራ ሆነ።

ሽማግሌው ገብረማርያም ከዳሱ ጥላ ሥር ማጭዳቸውን ይስላሉ። ዳዊት ደጋሚ ናቸውና እንዲህ ያለው ጉዳይ ወደ እሳቸው ይሄዳል።

«ቁራ በኦሪት የተከለከለ ነው» አሉ። «ኖኅ ቢልከው ጥንብ ላይ ቀረ።»

«አያ፣ ታዲያ ኤልያስን የመገበው ማን ነው?»

«እንጀራ አመጣለት እንጂ ራሱ ወጥ ሆነለት?»

አጫጆቹ ሳቁ። ፈንቴም ሳቀ፤ ቁራውን ግን አልጣለም። «ለታመመ ሰው ነው እኮ። እትዬ፣ ድስትዎን ብቻ ይስጡኝ፤ እኔው እቀቅለዋለሁ።»

አሰበች ማገንፋቱን አቆመች። የሁሉ ገንፎ የሚበስልበትን ትልቁን ድስት ማንም ለቁራ አይሰጠውም። የቀረው የእሷ ነው፤ እሱ ደግሞ ሸክላ ነው። ሸክላ የማይበላ ሥጋ ከነካው ታጥቦ አይጠራም፤ ይሰበራል።

ድስቱን ባሏ ቢሻው ነበር ከአይከል ገበያ ገዝቶ፣ በጋቢው ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ቆላ ያወረደው። የመንገዱ ሰው «ወንድ ልጅ ድስት ተሸክሞ!» እያለ ሲስቅበት፣ «ወጡን የምበላ እኔ፣ እናንተን ምን አገባችሁ?» ይል ነበር አሉ። ያለፈው ክረምት እሱንም ወባ ወሰደው። ከእጁ የቀራት ይህ ድስትና ከጎጆዋ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው የጅግራ ወጥመድ ነው። ወጥመዱን ከቀብሩ ወዲህ አልነካችውም።

ቢሻው በሕይወት ሳለ የዱር ሥጋ ቢወድም ይመርጥ ነበር። ጃርት ጣፋጭ ናት ለሚሉት «ለእናንተ ትሁን» ይላል፤ የከርከሮን ስም ቤት ውስጥ አያስጠራም። ጅግራን ግን፣ ያውም የረገፈ ሰሊጥ ለቅማ የወፈረችውን፣ ከዶሮ አስበልጦ ይወዳታል። ወጥመድ ተክሎ ጥሎ አይመለስም። ታንቃ የሞተች ወፍ ጥንብ ናት፤ ነፍሷ ሳትወጣ «በስመ አብ» ብሎ ካላረዳት ቤት አያገባትም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ከወጥመዱ አጠገብ ቁጭ ይላል፤ የሚመለሰው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው።

«ከእኔ ይልቅ ከጅግራ ጋር መዋል ይሻልሃል» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስላትም።

«ድስቱን አልሰጥህም» አለችው ፈንቴን። «ይልቅ ነገ ጠዋት ቢላ ይዘህ ተከተለኝ።» ሴት አታርድምና ወንድ ያስፈልጋት ነበር።

በማግስቱ ከእርሻው በታች ወዳለው ኩሬ ወረዱ። መንገድ ላይ ፈንቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለአያ ገብረማርያም እንዳይነግሩብኝ እንጂ፣ ማታ የቁራውን እግር እሳት ላይ ጠብሼ ቀምሼዋለሁ።»

«እሺ፣ እንዴት ነው?»

«እሱ ሲበላ የኖረውን ሁሉ ነው የሚቀምሱት። ተፋሁት።»

«ደግ አደረግህ።»

ቢሻው ይነግራት የነበረው ሾላ ጋ ደረሱ። ወጥመዱን ጅግሮቹ ለውሃ በሚወርዱበት ተከለች፤ ቤት ሲያበጀው አይታ የያዘችውን ያህል። ፈንቴን ከቁጥቋጦ ጀርባ አስቀመጠችውና ለራሷ መቀመጫ ስትፈልግ ከግንዱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘች። እንዳይነቃነቅ ከሥሩ ጠጠር ተወሽቆለታል። ማን እንደወሸቀው አላጣችውም። ተቀመጠች።

ቀና ስትል ጎጆዋን አየች። በዛፎቹ መካከል ባለችው ክፍተት የሚታየው የእሷ ጎጆ ብቻ ነው። አዳፍናው የወጣችው እሳት ጭሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ድንጋዩን ትንሽ ወደ ውሃው ቢያዞሩት ወጥመዱ ይበልጥ ይታይ ነበር። ቢሻው ግን ያስቀመጠው ወደ ጎጆዋ አዙሮ ነው። ከጅግራ ጋር መዋል ይሻልሃል ትለው የነበረው ትዝ አላት።

የክንፍ መንፈራገጥ ነው ያባነናት። ጅግራ ተይዛለች።

«ፈንቴ!»

ፈንቴን እንቅልፍ ወስዶታል። ጅግራዋ በተወራጨች ቁጥር ገመዱ አንገቷን ያጠብቃል። አሰበች ሮጣ ቢላውን ከአጠገቡ አነሳች፤ «በስመ አብ ወወልድ» ብላ አረደቻት።

ፈንቴ ዓይኑን እያሸ መጣ። «ውይ! እትዬ፣ እኔ ነኝ ያረድኩት እላለሁ።»

«አትልም።»

ገብረማርያም ነገሩን ሲሰሙ ማጭዳቸውን አስቀመጡ።

«ነፍሷ አልወጣችም ነበር?»

«አልወጣችም ነበር።»

«በስመ አብ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«እኔ ሴት ያረደችውን በልቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልበላም» አሉ። «ለበሽተኛው ግን ስጪው። እግዜር እንደ እኔ ጠባብ አይደለም።»

ያረጋል መረቁን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ጨርሶም «ትንሽ ከተረፈ» አለ። አሰበች ወደ ድስቱ ስትመለስ ፈረሰኛው ለብቻው ተለይቶ በሳህን ተቀምጦ አገኘችው። ለአባወራው የሚቀመጠውን ብልት እጇ እንደለመደው አስቀምጦታል። ጥቂት አየችውና አንስታ ለያረጋል ወሰደችለት።

መኪናው ስንቁን ይዞ ሲመጣ ጅግራ የሚያሻው ሰው አልቀረም። አሰበች ግን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ኩሬው ወጣች። ወጥመዱን አልያዘችም። ከጎጆዋ ከመውጣቷ በፊት እሳቱ ላይ እርጥብ እንጨት ጨመረችበት፤ ጭሱ ከድንጋዩ ላይ ሆና እንዲታያት።