ሴድሪክና የጥር ቁምጣው

ሴድሪክ ሃምብል ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ የሙቀት መለኪያውን ያያል። መለኪያውን የሰቀለው ራሱ ነው። የሰቀለውም ፀሐይ ስትወጣ ቀድማ በምታርፍበት ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ያውም የውሃ ማሞቂያው ትኩስ አየር በሚተፋበት ቱቦ ሥር ነው። እዚያ ቦታ በረዶ ብትሰቅል እንኳ ሃያ ሁለት ዲግሪ ነኝ ሳይልህ አይቀርም። ሴድሪክ ቁጥሩን ካየ በኋላ ካፖርቱን እንደ ደረበ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ እንደ ለበሰ፣ ስልኩን አንስቶ እንግሊዝ አገር ግሪምስቢ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ለዊልፍ ይደውላል።

“እዚያ እንዴት ነው?” ይለዋል፣ ወፍ እንደሚያጠምድ ሰው ድምፁን አለስልሶ።

“ዝናብ” ይላል ዊልፍ።

“ኧረ! ዛሬም?”

“ዛሬም።”

“አይ የኔ ወንድም! እኔማ ቁምጣዬን ለብሼ ሰገነት ላይ ተቀምጫለሁ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ሙሪየልን ጥላ አምጪልኝ እያልኳት ነው።”

ሙሪየል ሚስቱ ናት። በዚያች ሰዓት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ የሻይ ጀበናዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጥ ቤት ነው የምትገኘው። ዊልፍ ሳሏን ከሰማ ሴድሪክ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ “እየሳቀች ነው” ይለዋል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ጎረቤቱ ስለሆንኩ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሴድሪክ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለሆነ፣ ስልክም ሲያወራ ከኋላ ወንበር ላለው ተሳፋሪ እንዲሰማ አድርጎ ነው።

በሰውየው ላይ ብቻ ግን አልፈርድም። ጡረታችንን ስፔን ባሕር ዳርቻ ልንበላ የመጣን እንግሊዞች ሁሉ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለን፤ እዚህ በረደ ብሎ ለአገር ቤት ሰው መናገር ክህደት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ዘንቦ መንገዱ ወንዝ ከሆነ፣ “የዘንድሮው ያልተለመደ ነው” እንላለን። በየዓመቱ ያልተለመደ ነው። እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የተለመደ ክረምት አላየሁም።

ቤቶቻችንን የገዛነው ደግሞ በነሐሴ ነው። ይህን ስህተት ከእኛ በቀር የሚሠራው የለም። በነሐሴ ላቡ እየተንጠፈጠፈ የገባ እንግሊዛዊ ሻጩን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “ቤቱ ቀዝቃዛ ነው?” ይላል። ሻጩም “በጣም ቀዝቃዛ ነው” ይለዋል፤ አልዋሸም። ወለሉ እብነ በረድ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ ማሞቂያ የሚባል ነገር የለ። ኅዳር ሲገባ ያ ቤት ሥጋ የሚያቆይ ይሆናል። እኔ አንዳንድ ቀን ቤቱ ትንሽ እንዲሞቅልኝ በሩን ከፍቼ የውጭውን አየር አስገባለሁ።

ፊት ለፊታችን ያለችው ኤንካርና የአገሩ ተወላጅ ናት። ጥቅምት ሲጋመስ የፀጉር ካፖርቷን ታወጣና፣ ክብ ጠረጴዛዋ ሥር ማሞቂያ አስገብታ፣ እስከ ወገቧ በወፍራም የጠረጴዛ ልብስ ተሸፍና እስከ ፋሲካ ትቀመጣለች። እኛ በባዶ ጉልበት ስናልፍ ባየችን ቁጥር ታማትባለች።

ሙሪየል አንድ ሁለቴ፣ “ሴድሪክ፣ ለጉልበቴ ስትል እንኳ ማሞቂያ እናስገባ” ብላው ነበር።

“ስፔን አገር? ማሞቂያ? ዊልፍ ቢሰማ ምን ይላል?”

“ዊልፍ በምን ይሰማል?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ዊልፍ ሁሉን ይሰማል” አላት፤ በዚያው አበቃ።

ነገሩ ሁሉ ዊልፍ ነው። ዊልፍ ሚስቱ ኤድና ከሞተች ወዲህ ቀጥ ያለ ደረጃ ባለው ቤት ብቻውን ነው የሚኖረው። ሴድሪክ ሌሊት ሌሊት የሚያባንነው የዚያ ደረጃ ነገር ነው። ሰውየው አንድ ቀን ቢንሸራተት ማን ያነሳዋል? ሴድሪክ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ቢኖር፣ ወንድሙ መጥቶ ከጎኑ እንዲኖር ነው። የኋላውን ክፍል ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ፣ አልጋ አስገብቶ ከጨረሰ ቆይቷል። ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ባደጉበት ቤት “ናፍቀኸኛል” የሚል ቃል ከአፍ ወጥቶ አያውቅም፤ አባታቸው እንዲያውም “ደኅና ዋል” ማለትን እንደ ቅብጠት ነበር የሚያየው። ስለዚህ ሴድሪክ ወንድሙን በፀሐይ ሊስበው ተነሳ። “ይህ ሙቀት ለአንተ ጉልበት መድኃኒት ነበር” ይለዋል። “ሰው እዚህ አያረጅም” ይለዋል። ዊልፍም “እህ” ይላል፤ ስልኩም ይዘጋል።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ዊልፍ “እህ” ማለቱን ትቶ እንዲህ አለ፦

“ስማ። ጥር ላይ መጥቼ ያንን ፀሐይህን አያለሁ። እንዳልከው ከሆነ ቤቴን ሸጬ እቀራለሁ። ካልሆነ ግን የፀሐይን ነገር ዳግመኛ አታንሳብኝ።”

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ነው። ሴድሪክ ስልኩን ዘግቶ እኔ ቤት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

“ጥር ላይ፣ ቤሪል! ለምን ግንቦት አይመጣም? ሰው እንዴት በጥር ስፔን ይመጣል?”

“አንተ አይደለህ እንዴ ለገና በዓል ባሕር ውስጥ ዋኘሁ ያልከው?”

“እግሬን ነክሬያለሁ እኮ!”

“በል እንግዲህ ነካሪ፣ ጸልይ” አልኩት። ብሳደብም አዝኜለት ነበር።

ጸሎቱ አልሠራም። ዊልፍ በሚመጣበት ሳምንት ተራሮቹ ላይ በረዶ ወረደ፤ ባሕሩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ከላይ መውረዱን ትቶ በጎን መጣ። ሴድሪክ በሰፈሩ ያለን እንግሊዞች በር እያንኳኳ ማሞቂያ ለመነ። ለካ ሁላችንም ደብቀን ነበር የምናሞቀው! አንዱ ከአልጋ ሥር፣ አንዱ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ እያወጣ ሰጠው። እኔም የራሴን ማሞቂያ ፎጣ አልብሼ አሻገርኩለት። ሴድሪክ ያንን ሁሉ መጋረጃ ኋላና ሶፋ ኋላ ሸሸገና፣ ራሱ ቁምጣውን ለብሶ ወደ አየር ማረፊያ ሄደ። ሙሪየል “ሱሪ ልበስ፣ ትሞታለህ” ስትለው፣ “ከሞትኩም በቁምጣ ቅበሩኝ” አላት።

ዊልፍ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ከመኪናው ሲወርድ የገለባ ባርኔጣ አድርጎ ነበር። ባርኔጣውን ወዲያው ነፋሱ ወሰደው። ሁላችንም በአንድ አፍ “የዛሬው ያልተለመደ ነው!” አልነው። ኤንካርና ደግሞ የፀጉር ካፖርቷን እንደ ደረበች ሮጣ መጥታ፣ የሴድሪክን በብርድ ሰማያዊ የሆነ ጉልበት እያሳየች በቋንቋዋ ጮኸች።

“ምንድን ነው የምትለው?” አለ ዊልፍ።

“እንኳን ደኅና መጣህ ነው የምትልህ” አለ ሴድሪክ። ሴትዮዋ ያለችው ግን “ይህን እብድ ሰው ቤት አስገቡት፣ በብርድ ሊሞት ነው” ነበር።

ዊልፍ ገብቶ ሰማያዊውን ክፍል አየ፤ “ቀለሙ ደኅና ነው” አለ። ለሁለት ቀን ሴድሪክ መጋረጃውን ዘግቶ፣ “ዓይንህን ፀሐይ እንዳይወጋህ ነው” እያለ ሲያስተናግደው፣ ሰውየው ሻዩን እየጠጣ “እህ” ከማለት አላለፈም። ሴድሪክ ይህችን “እህ” ሊፈታት ሲጨነቅ እንቅልፍ አጣ።

እሁድ ለምሳ ጠሩኝ። ሙሪየል የበሬ ጥብስ ምድጃ ውስጥ አስገብታለች፤ ፑዲንግ የምንለው የእንቁላልና የዱቄት ቂጣም እየተነፋ ነው፤ ድንቹ ይንጫጫል። ከየመጋረጃው ኋላ ሙቀት ይመጣል፤ ቤቱ እንደ ሰው ቤት ሞቆ ነበር። ሴድሪክ በቁምጣው ወዲያ ወዲህ እያለ፣ “አየህ ዊልፍ? ውጭው ምንም ቢሆን ቤቱ ፀሐዩን አምቆ ይይዛል” ይላል። እኔ ሳቄን ለማፈን ናፕኪኔን ነከስኩ።

እዚህ አገር ለአንድ ቤት የሚሰጠው መብራት ልክ አለው። የሴድሪክ ቤት ልክ ደግሞ በአንድ ምድጃና በእነዚያ ማሞቂያዎች ጢም ብሎ ነበር። ሙሪየል መረቁን ልታሞቅ ሌላውን ምድጃ ስትከፍት፣ ጧ! አለና ሁሉም ነገር ጠፋ። መብራቱ ጠፋ፣ ምድጃው ጠፋ፣ ከየመጋረጃው ኋላም ማሞቂያዎቹ ጠቅ ጠቅ እያሉ እየቀዘቀዙ ተናዘዙ። ፑዲንጉም ዓይናችን እያየ ተኛ።

ሴድሪክ በዝናቡ ውስጥ በረንዳ ላይ ወዳለው የመብራት ብሬከር ሮጠ። መለሰው፤ ጧ! ወደቀ። መለሰው፤ ጧ! ወደቀ። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል ዊልፍ ከበሩ ቆሞ፣ “ተው፣ ግባ” አለው። ሴድሪክ ሲገባ ውሃ በጉልበቱ ይወርዳል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዊልፍ ወደ መጋረጃው ሄዶ ገለጥ አደረገው። ፎጣ የለበሰች ማሞቂያዬ ቁጭ ብላ ነበር።

“እህ” አለ።

ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። ሙሪየል ወንበር ይዛ ቀረች። ስድስት ዓመት የተገነባው ፀሐይ በአንድ መጋረጃ ፈረሰ፤ ሰማያዊው ክፍልም ባዶውን ሊቀር ነው አልኩ። በዚህ መሐል ዊልፍ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ለሁላችንም አሳየን። ጎረቤቱ የላከለት ፎቶ ነው፤ የግሪምስቢ ወደብ፣ አንድ ቁራጭ ደመና የሌለበት ሰማይ።

“የዛሬ ጠዋት ነው” አለ።

ሴድሪክ ፎቶውን አየና በሚንገጫገጭ ጥርሱ፣ “የዛሬው ያልተለመደ ነው” አለ።

“ምን ያልተለመደ አለው! ባለፈው በጋ ዝናብ ነው ስልህ የከረምኩት፣ ጠብታ አልወረደም። ጎመኔ እንኳ ቆሞ ደረቀ።”

“ምን አልክ? ዝናብ ነው ብለኸኝ?”

“ዝናብ ስልህ ደስ ይልህ ነበር እኮ!”

ሴድሪክ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። “ሰማችሁ? ወንድሜ! የእናቴ ልጅ! በየቀኑ፣ በስልክ፣ ዓይኑን ሳያሽ ይዋሸኛል!” እኔ በዚህ ጊዜ ናፕኪኑን ለቅቄው ነበር፤ ሳቄ አመለጠኝ። ሙሪየልም ተከተለችኝ። ሴድሪክ ግን የምሩን ተቆጥቷል። “ሰው እንዴት በአየር ጠባይ ይዋሻል?” አለ፣ ከቁምጣው ላይ ውሃ እየጨመቀ።

“ቴሌቪዥን የሌለኝ መሰለህ?” አለው ዊልፍ። “የስፔንን ዝናብ ማታ አየዋለሁ፤ ጠዋት ደውለህ ጥላ ስታስዘረጋ እሰማሃለሁ።”

“ታዲያ ካወቅህ ምነው ዝም አልክ? እስከ ዛሬስ ምነው አልመጣህ?”

ዊልፍ ኮቱን አውልቆ ወንድሙ ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት።

“ምን ብዬ ልምጣ?” አለ ቀስ ብሎ። “አንተ ሁሉ ሞልቶልሃል። ፀሐይ አለህ፣ ባሕር አለህ፣ የጎደለህ የለም። እኔ ባዶ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ይህ ሰው እኔን ለምን ይፈልገኛል እላለሁ። በየቀኑ ደወልክ፣ እውነትህን ነው። ስለ ፀሐይ ነገርከኝ። ና አላልከኝም።”

 ሴድሪክ ኮቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ወለሉን ያያል። ያንን ያህል ድምፅ ያለው ሰው ሲናገር ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብን።

“በርዶኛል፣ ዊልፍ” አለ። “መጀመሪያ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ በርዶኛል። አትሂድብኝ።”

የዊልፍ ዓይን እንደ ቀላ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን መስኮት መስኮቱን እያየ ነው የተናገረው።

“እንግዲያው ሂድና ሱሪ ልበስ፣ አንተ ጅል” አለው። “ከዚያ ያንን ቁም ሳጥን ባዶ ታደርግልኛለህ። የኔ ሹራብ ብዙ ነው።”

ሙሪየል ጥሬውን ጥብስ ይዛ ወደ ኤንካርና ምድጃ ስትሻገር፣ እያለቀሰች ነው ወይስ ዝናቡ ነው፣ ለማየት አልተመቸኝም።